ያለ አፈር የሚበቅል አትክልት የሚጠጣውን ውኃ ከሙቀት ስለ መጠበቅ

ለዞንና ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለባለይዞታዎችና ለቀበሌ ሹማምንት የተዘጋጀ የእርሻ ትምህርት

ማናቸውም ተክል እንዲያድግ አምስት ነገር ያስፈልገዋል፤ እነርሱም ብርሃን፣ አየር፣ ውኃ፣ መጠነኛ ሙቀትና ምግብ ናቸው። አፈር ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ አይደለም፤ አፈር የውኃው ማድጋ፣ የምግቡ ጎተራ፣ የሥሩም መቆሚያ ነው እንጂ። ስለዚህ ውኃው በሌላ ዕቃ ቢጠራቀም፣ ምግቡ በውኃው ውስጥ ቢሟሟ፣ ሥሩም የሚይዘው ነገር ቢያገኝ ተክሉ ያለ አፈር ሊበቅል ይችላል። ይህ ዓይነቱ እርሻ ሃይድሮፖኒክስ ይባላል። ስሙ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሆኖ «ሂዶር» ማለት ውኃ፣ «ፖኖስ» ማለት ሥራ ነው፤ ባንድነት ሲነበብ የውኃ ሥራ ማለት ይሆናል።

ነገሩ አዲስ መስሎ ቢታይም መሠረቱ የቆየ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1860 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ዩሊዩስ ሳክስና ቪልሄልም ክኖፕ የተባሉ የጀርመን አገር የዕፀዋት ሊቃውንት ተክልን በውኃና በጥቂት የጨው ዓይነቶች ብቻ አሳድገው አሳዩ። በ1937ም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዊልያም ጌሪኬ ሥራውን ከመመርመሪያ ቤት ወደ እርሻ አውጥቶ፣ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ለዓለም አስታወቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ ጦር በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው ደረቅ ደሴት በአሴንሽን፣ በጠጠር መደብ ላይ አትክልት አብቅሎ ወታደሮቹን መገበ። በአገራችንም በ1990ዎቹ ዓመታት በሰበታ፣ በሆለታና በዝዋይ ዙሪያ ጽጌረዳን በላስቲክ ቤት ማብቀል ተስፋፋ፤ አንዳንዱም እርሻ ተክሉን በቀይ አሸዋ መደብ ላይ አቁሞ ምግቡን በውኃ ያጠጣዋል።

ከአዲስ አበባ በሰበታና በተፍኪ አድርጎ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ተጂ፣ ለእንደዚህ ያለው ሥራ የሚስማማም የሚያስቸግርም ጠባይ አላት። የሚስማማው፣ ገበያዋ ቅርብ መሆኑ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል፤ የእርሻው መሬት በቤትና በፋብሪካ እየተያዘ ሲሄድ አትክልት የሚበላው ሕዝብ ግን እየበዛ ነው። የሚያስቸግረውም፣ የበቾ ሜዳ አፈር መረሬ መሆኑ ነው። በክረምት የአዋሽ ወንዝና ገባሮቹ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይለብሳል፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ ሰው እግሩን እስኪያስገባበት ድረስ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወጣቶች በማኅበር ሆነው፣ በብድር ገንዘብ የላስቲክ ቤት ሠርተው፣ ሰላጣና ቲማቲም ያለ አፈር ለማብቀል ቢነሡ ሐሳባቸው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የሥራው ዋና ምሥጢር በውኃው ሙቀት ላይ መሆኑ ካልታወቀ፣ ምርቱ ጠፍቶ ዕዳው ብቻ ይቀራል።

1ኛ፤ ሥር አየር የሚሻ ስለ መሆኑ

ብዙ ሰው ተክል የሚተነፍሰው በቅጠሉ ብቻ ይመስለዋል። ሥርም ይተነፍሳል። የበቾ ገበሬ ይህን ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ ያውቀዋል፤ በመረሬ ላይ የተዘራ ስንዴ ውኃ ሲተኛበት ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል፤ ገበሬውም ውኃውን ለማሸሽ ፈር ያወጣል፣ ወይም ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ስንዴውን የጎዳው የውኃው ብዛት ራሱ ሳይሆን፣ ውኃው የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ሞልቶ አየር ስለ ከለከለ ነው።

እንግዲህ ሥሩ ሌሊትና ቀን በውኃ ውስጥ የሚኖር ተክል እንዴት ሳይታፈን ይኖራል? መልሱ፣ በውኃው ውስጥ የተሟሟ አየር ስላለ ነው። ከዚህም አየር ሥሩ የሚፈልገው ኦክሲጅን የተባለውን ክፍል ነው። ኦክሲጅኑ ሲበቃ ሥሩ ነጭና ብርቱ ይሆናል፤ ሲያንስ ግን የስንዴው ዕጣ ይደርስበታል።

2ኛ፤ ሙቀት በውኃው ላይ ስለሚያደርገው

ስኳር በሙቅ ውኃ ቶሎ ይሟሟል፤ አየር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውኃው በሞቀ ቁጥር አየሩ ይወጣል። በባሕር ዳር ባለ አገር አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢበዛ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ በ25 ዲግሪ ከ8 ጥቂት ይበልጣል፤ በ30 ዲግሪ 7 ተኩል ያህል፣ በ35 ዲግሪ ደግሞ 7 ያህል ብቻ ይቀራል።

በሌላ በኩል የሥሩ ትንፋሽ ከሙቀቱ ጋር ይጨምራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል የሥሩ የኦክሲጅን ፍላጎት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ሙቀት ባንድ እጁ የሥሩን ፍላጎት ያበዛል፣ በሌላው እጁ ያለውን ይነጥቃል። በዚህ መካከል ተክሉ ሲደክም፣ ሙቅ ውኃ የሚወድና ፒትየም የተባለ በዓይን የማይታይ ጠላት በደከመው ሥር ላይ ይነሣል፤ ሥሩንም ያበሰብሰዋል። ውኃው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚዞር ስለ ሆነ በሽታው በጥቂት ቀን ውስጥ ቤቱን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል።

3ኛ፤ የደጋ አገር ስላለው ልዩ ነገር

በውጭ አገር የተጻፉ መጽሐፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት በዝቅተኛ ቦታ ስላለ እርሻ ነው። ተጂ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውኃውም ከዚያው ከሳሳው አየር ስለሚወስድ የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። በዚህ ከፍታ ውኃ ሊይዝ የሚችለው በባሕር ዳር ከሚይዘው ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ነው። ስለዚህ በተጂ አንድ ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ 7 ሚሊግራም ያህል፣ በ30 ዲግሪ ከ6 ያነሰ ይይዛል።

ይህን ሒሳብ በሌላ ዐይን ለተመለከተው፣ በተጂ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ዳር 35 ዲግሪ የሆነ ውኃ ከሚይዘው ጋር ይተካከላል። እንግዲህ «አገራችን ደጋ ስለ ሆነ የውኃ ሙቀት አያሠጋንም» ማለት ስሕተት ነው። ደጋው ነፋሻ ቢሆንም የላስቲክ ቤት ውስጡ ደጋ አይደለም፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ወራት ቀትር ላይ የቤቱ ውስጥ ከውጭው አየር እጅግ ይሞቃል።

ለሰላጣና ለመሰል ቅጠላ ቅጠል ተስማሚው የውኃ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው። 25 ሲደርስ መጠንቀቅ፣ ከ28 ሲያልፍ ሳይዘገይ መርዳት ይገባል። ቲማቲም ከሰላጣ ይልቅ ሙቀትን ይታገሣል። ደግሞም ቅዝቃዜው ልክ ሊኖረው ያሻል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የውርጭ ሌሊት ውኃው ከ15 ዲግሪ በታች ቢወርድ ሥሩ ፎስፎረስ የተባለውን ምግብ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉም ወደ ወይን ጠጅ መልክ ሊያደላ ይችላል።

4ኛ፤ ስለ ሕመሙ ምልክትና ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ነገር

የመጀመሪያው ምልክት፣ ውኃ በሞላበት ቤት ተክሉ ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ መነሣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ነጭ የነበረው ሥር ቡናማና ዝልግልግ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ውኃው መጥፎ ሽታ ማምጣቱ ነው። ሰላጣ ከዚህም ሌላ ያለ ጊዜው አገዳ አውጥቶ ይመርራል።

እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ አንድ ማኅበር ጥቁር ሮቶ በከፍታ ማማ ላይ አቁሞ፣ በጥቁር ቱቦ ውኃውን ወደ መደቡ ያወርዳል እንበል። በመጋቢት ተክሉ ይጠወልጋል። ሠራተኞቹ ቅጠሉን ብቻ አይተው «ምግብ አንሶት ነው» ብለው ማዳበሪያ ይጨምራሉ። ነገር ግን በሙቀት ጊዜ ተክሉ ከምግቡ ይልቅ ውኃውን አብልጦ ስለሚጠጣ፣ በሮቶው ውስጥ የቀረው ውኃ አስቀድሞም በጨው በርትቷል። ማዳበሪያ ሲጨመርበት ይብሳል፤ በጨው የበረታ ውኃ ለሥሩ መጠጥ መሆኑ ቀርቶ ከሥሩ ውኃ ይስባል። ስለዚህ በመድኃኒት ስም የተጨመረው ነገር የሞቱን ቀን ያቀርበዋል። ኋላም ጥፋቱ በዘሩ ወይም በማዳበሪያው ነጋዴ ላይ ይሳበባል። «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» የሚለው የአበው ተረት በዚህ ሥራ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል፤ የታመመ ተክል ሲታይ ከቅጠሉ በፊት ሥሩን፣ ከማዳበሪያው በፊት የውኃውን ሙቀት መመርመር ይገባል።

5ኛ፤ ውኃውን ስለ ማብረድ

መድኃኒቱ ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ሙቀት እንዳይገባ መከልከል፣ ሁለተኛው የገባውን ማስወጣት ነው። የፊተኛው ከኋለኛው ይልቅ ርካሽ ስለ ሆነ መጀመር የሚገባው ከእርሱ ነው።

ሀ. ጥላ። በደመና ባልተጋረደ ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው ፀሐይ፣ ሁሉም ወደ ውኃው ቢገባ፣ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 100 ሊትር ውኃን 8 ዲግሪ ያህል ሊያሞቅ ይችላል። ስለዚህ ሮቶው ከላስቲክ ቤቱ ውጭ፣ በሣር ክዳን ዳስ ሥር ይቀመጥ። ዳሱ ዙሪያው ለነፋስ ክፍት ይሁን። የሮቶው ውጭ በኖራ ይነጣ፤ ዝናብና ፀሐይ ሲያራግፈው ይታደስ። ነገር ግን ኖራው ወደ ምግቡ ውኃ እንዳይገባ መክደኛው በደንብ ይገጠም። ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ብርሃን ከገባ በውኃው ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይበቅልበታል።

ለ. የዕቃው ትልቅነት። 100 ሊትርን 8 ዲግሪ የሚያሞቀው ያው ፀሐይ 1,000 ሊትርን ከ1 ዲግሪ ያነሰ ብቻ ያሞቃል። ስለዚህ ትልቅ ዕቃ ከትንሽ ይሻላል።

ሐ. መቅበር። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በመሬት ሲቀበር ቀዝቃዛ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ከመሬት በታች በ2 ሜትር ጥልቀት ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት ብዙ አይለዋወጡም። በተጂ ግን ይህ ሲደረግ ሁለት ነገር ይታሰብ። የመረሬ አፈር ሲረጥብ አብጦ ሮቶውን ይጨምቃል፣ ሲደርቅም ይሸሻል፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ሰፍቶ ዙሪያው በቀይ አሸዋ ወይም በጠጠር ይሞላ። ደግሞም በክረምት ጎርፍ ሲመጣ ባዶ ሮቶ እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ከጉድጓዱ ሊወጣ ስለሚችል፣ ቦታው ከጎርፍ መድረሻ ከፍ ያለ ይሁን፤ ሮቶውም በክረምት ባዶውን አይተው። ጉድጓድ የማይቻልበት ቦታ ሮቶውን በጭድ ማልበስ ይቻላል፤ ጭዱ ግን ከዝናብ ይጠበቅ።

መ. ቱቦ። ጥቁር ቱቦ በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከዋለ፣ በዳስ ሥር የበረደው ውኃ ወደ ተክሉ ሳይደርስ ይሞቃል። ስለዚህ ቱቦው በመሬት ውስጥ ይሂድ፣ ወይም በጭድ ይሸፈን። ውኃው የሚያልፍበት አሸንዳም በነጭ ላስቲክ ይከደን።

ሠ. የሌሊቱ ቅዝቃዜ። ይህ እግዚአብሔር ለደጋ አገር የሰጠው፣ ዋጋም የማይከፈልበት በረከት ነው። ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ የሮቶው አፍ ተከፍቶ፣ ውኃው በፓምፕ ተስቦ ከፍ ካለ ቦታ በቀጭኑ እየተንጠባጠበ እንዲመለስ ይደረግ። በሚወርድበት ጊዜ ሙቀቱን ለሌሊቱ አየር ይሰጣል፣ ኦክሲጅኑንም ይቀበላል። ጎሕ ሲቀድ መክደኛው ይገጠም፤ የሌሊቱም ብርድ ለቀኑ ስንቅ ይሆናል። ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ግን ይህ ይቅር።

ረ. መትነን። የሸክላ እንስራ ላቡን እያወጣ ውኃውን እንደሚያበርድ የታወቀ ነው። 1 ሊትር ውኃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ ሁሉም ከውኃው ብቻ ቢወሰድ፣ 100 ሊትርን በ6 ዲግሪ ያህል ለማብረድ ይበቃል። ስለዚህ ሮቶውን በቃጫ ጆንያ አልብሶ፣ ጆንያውን በንጹሕ ውኃ እያራሱ ነፋስ እንዲመታው ማድረግ ጥሩ ነው። የላስቲክ ጆንያ ውኃ ስለማይዝ አይሆንም። ይህ ዘዴ የሚረዳው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ የሙቀቱ ወራት ግን አብዛኛው ደረቅ ስለ ሆነ ዘዴው በጊዜው ይደርሳል።

ሰ. በረዶና የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ። 1 ኪሎ በረዶ 100 ሊትር ውኃን የሚያበርደው በ1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ 1,000 ሊትርን በ5 ዲግሪ ለማውረድ 50 ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በየቀኑ ነው። ለአንድ ቀን ጭንቅ ካልሆነ በቀር ለትንሽ ገበሬ የሚያዋጣ አይደለም። በረዶው በታሸገ ጠርሙስ ይግባ እንጂ በቀጥታ አይጣል፤ ሲቀልጥ ምግቡን ያቀጥነዋልና። የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣም ለትልቅ እርሻ የሚሆን ነው፤ መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ሌላ መጠባበቂያ ሳይኖር በእርሱ ብቻ መታመን አደጋ አለው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በሲንጋፖር፣ ዓመቱን በሙሉ በሚሞቅ አገር፣ የዕፀዋት መርማሪዎች የሰላጣውን ሥር ብቻ በ20 ዲግሪ ያህል አቀዝቅዘው ቅጠሉን በአገሩ ሙቀት ውስጥ ትተው፣ ደኅና ሰላጣ ለማብቀል ችለዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ቤቱን ሁሉ ለማቀዝቀዝ ከመድከም ይልቅ ሥሩን መጠበቅ ገንዘብ የሚያድን መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ ቤቱም ጎኑ ተከፍቶ ነፋስ እንዲያልፍበት፣ ቀትር ላይም የጥላ መረብ እንዲዘረጋበት ማድረግ አይቅር።

6ኛ፤ በሽታው ከገባ በኋላ ስለሚደረገው

ሥሩ የበሰበሰ ተክል ተነቅሎ ከቤቱ ራቅ ብሎ ይቀበር። ውኃው ሁሉ ይደፋ፤ ሮቶው፣ ቱቦውና አሸንዳው በበረኪና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይለቅለቅ። የሙቀቱ ምክንያት ሳይወገድ አዲስ ችግኝ ማስገባት ግን ሁለተኛ ኪሳራ መግዛት ነው። የሚደፋውም ውኃ ማዳበሪያ ያለበት ስለ ሆነ ወደ ወንዝ ወይም ወደ መጠጥ ጉድጓድ አይለቀቅ፤ በሣር ወይም በዛፍ ሥር በስፋት ይበተን። አዋሽ ከተጂ በታች ብዙ ሕዝብና ከብት የሚጠጣው ወንዝ መሆኑ ሊረሳ አይገባም።

7ኛ፤ ስለ ሹማምንትና ስለ ባለይዞታዎች ተግባር

ለእንደዚህ ያለ እርሻ ቦታ የሚሰጥ፣ ለብድሩም የሚመሰክር ሹም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የሚከተለውን ቢጠይቅ ብዙ ቤተ ሰብ ከዕዳ ያድናል።

አንደኛ፤ ሮቶው የሚቆምበት ቦታ በወረቀቱ ላይ ተለይቶ መጻፉን፣ ጥላም እንዳለው ይመልከት። 

ሁለተኛ፤ ቦታው በክረምት ጎርፍ የሚደርስበት መሆን አለመሆኑን የአገሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ በበጋ የታየ ሜዳ በክረምት ምን እንደሚሆን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። 

ሦስተኛ፤ ለሙቀት መለኪያና ለጨው መለኪያ የሚሆን ገንዘብ በሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጥ። የአንድ መለኪያ ዋጋ ከአንድ መደብ ሰላጣ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው። 

አራተኛ፤ የውኃው ሙቀት በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት ተለክቶ በመዝገብ እንዲጻፍ ያዝዝ። ውኃ ከአየር ዘግይቶ ስለሚሞቅ የቀትሩ ልክ ብቻውን አይበቃም። 

አምስተኛ፤ ለጉብኝት ሲሄድ በማለዳ ሳይሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ይድረስ፤ አንድ ተክል አስነሥቶም ሥሩን ይይ። በማለዳ ሁሉም ተክል ደኅና ይመስላል።

ባለይዞታም ቢሆን መሬቱን ወይም ገንዘቡን ከወጣቶቹ ጋር ሲያጋራ፣ የመጀመሪያውን ሥራ በጥቂት መደብ እንዲፈትኑት፣ አንድ የበጋ ሙቀት በደኅና ካለፈ በኋላም እንዲያሰፉት ቢመክር የራሱን ጥቅም ይጠብቃል። በመስከረም የተጀመረ እርሻ እስከ ጥር ድረስ ያለ ችግር ቢሄድ ገና አልተፈተነም፤ ፈተናው በየካቲት ይጀምራልና።

በአጭሩ ለመናገር፣ የዳስ ክዳን፣ ኖራ፣ ጭድ፣ ጆንያና የሌሊት ብርድ በየገበሬው ደጅ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። ከውጭ የሚመጣው መለኪያው ብቻ ነው። እነዚህን በጊዜው የሚያዘጋጅ ሰው በሙቀቱ ወራት ሰላጣውን ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይጭናል፤ የማያዘጋጅ ግን ደኅና ዘርና ውድ ማዳበሪያ ገዝቶ በሞቀ ውኃ ይቀቅለዋል። ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት ይህን ትምህርት የሙቀቱ ወራት ከመግባቱ በፊት፣ በጥር ወር፣ ለየማኅበሩ ሠራተኞች አንብበው እንዲያስረዱ፣ ዳሱም የካቲት ሳይገባ ተሠርቶ እንዲያልቅ መትጋት ይገባቸዋል።